ሦስት ሺህ ድሪም

ሶቅራጥስን፣ አፍላጦንን (ፕላቶን)፣ አርስጣጣሊስን (አርስቶትልን) አገራችን ቀድማ ያወቀቻቸው በአባባላቸው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ የጠቢባኑን ምክር በተርታ ይደረድራል። ምክሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን ጠቢቡ የት ያድር እንደነበር፣ እራቱን ማን እንዳቀረበለት፣ ልብሱን በምን እንደገዛ አይነግረንም። አፍ ብቻ ሆነው ነው የደረሱን።

እኔ ፍልስፍናቸው በደንብ የሚገባን ሆዳቸውንም ስናስታውስ ነው ባይ ነኝ። ማን አስተማራቸው የሚለው ጥያቄ ብዙ መጽሐፍ አስጽፏል፤ ማን አበላቸው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ግርጌ ይጣላል። ግሪኮቹ ራሳቸው ጥያቄውን አይንቁትም ነበር። ከማን እጅ ተቀብሎ እውነት መናገር ይቻላል? ከማን ከተቀበሉ በኋላ አንደበት ይታሰራል? በዚህ ተከራክረዋል፣ ተሰዳድበዋል፤ ትምህርት ቤቶቻቸውም የቆሙት ለዚህ በሰጡት መልስ ላይ ነው።

ሒሳቡን ለመከተል ገንዘባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስሞቹን ከወንጌል እናውቃቸዋለን፦ ሴቲቱ መብራት አብርታ የፈለገችው ድሪም፣ ጌታው ለባሪያዎቹ ያከፋፈለው ምናን፣ ሰነፉ አገልጋይ የቀበረው መክሊት። በአቴና 6 ኦቦል 1 ድሪም፣ 100 ድሪም 1 ምናን፣ 60 ምናን ደግሞ 1 መክሊት ነው። ድሪም 4.3 ግራም ገደማ የምትመዝን የብር ሳንቲም ነች። ይህን ወደ ዛሬ ገንዘብ የሚመነዝር ሰው ይሳሳታል፤ ያኔ ውድ የነበረው ዛሬ ርካሽ ነው፣ ያኔ ርካሽ የነበረውም ዛሬ ውድ ነው። የሚያስኬደው መመንዘሪያ የሥራ ቀን ነው። የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ከክ.ል.በ. ከ409 እስከ 407 ሲሠራ የተከፈለው ደመወዝ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ ሠራተኛው ዜጋም ይሁን መጤ ወይም ባሪያ፣ የቀኑ ዋጋ 1 ድሪም ነው። ከ80 ዓመት በኋላ በኤሌውሲስ በተቀረጸ ሌላ ሒሳብ የጉልበት ሠራተኛው 1 ድሪም ተኩል፣ ባለ ሙያው 2 ወይም 2 ድሪም ተኩል ያገኛል። ስለዚህ የሶቅራጥስን ድሪም ከአርስቶትል ዘመን ድሪም ጋር እኩል መቁጠር አይገባም።

ለትምህርት በግልጽ ዋጋ የጠየቁት ሶፊስቶች፣ የንግግር ጥበብ አስተማሪዎቹ፣ ናቸው። ፕሮታጎራስ ዘአብዴራ 100 ምናን ያስከፍል ነበር ይባላል። 10,000 ድሪም ማለት ነው፤ ግንበኛው አንድም ቀን ሳያርፍ ከ27 ዓመት በላይ ሠርቶ የሚያገኘው። ይህን ቁጥር አላምነውም። የነገረን የፈላስፎችን ሕይወት የጻፈው ዲዮጌኔስ ላኤርቲዮስ የኖረው ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለዘመኑ የቀረበው ፕላቶ የሚነግረን ሌላ ሥርዓት ነው፦ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ የተጠየቀውን ይከፍላል፤ በዛብኝ ካለ ቤተ መቅደስ ገብቶ፣ ትምህርቱ ይህን ያህል ያወጣል ብሎ ይምልና የማለውን ያህል ያስቀምጣል። ይህን ሥርዓት አንድ አጭበርባሪ ነጋዴ ያወጣው አይመስለኝም። ሌሎቹ ዋጋዎች ለማመን ይቀላሉ። ኤቬኖስ ዘጳሮስ 5 ምናን ይጠይቅ ነበር። ፕሮዲቆስ ስለ ቃላት ትክክለኛ ፍቺ ሁለት ዓይነት ንግግር ነበረው፤ አንዱ በ50 ድሪም፣ ሌላው በ1 ድሪም። ሶቅራጥስ የሰማሁት የ1 ድሪሙን ነው ይላል፤ ባለ 50ውን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ የጠየቃችሁኝን አሁኑኑ እመልስላችሁ ነበር ብሎ። ሂፒያስ ደግሞ፣ ፕላቶ እንዳስቀመጠው፣ ከሲሲሊ በአጭር ጊዜ ከ150 ምናን በላይ፣ ኢኒቆስ ከምትባል ትንሽ መንደር ብቻ ከ20 ምናን በላይ ይዞ መመለሱን ይኮራበታል።

ለምን ይህን ያህል ተከፈለ? መልሱ ያለው ፍርድ ቤቱ ውስጥ ነው። በአቴና ለገንዘብ የሚቆም ጠበቃ የለም፤ ከሳሹም ተከሳሹም በራሱ አፍ ይናገራል። ጊዜው የሚለካው ከአንድ ማሰሮ ወደ ሌላው በሚንቆረቆር ውሃ ነው፤ ውሃው ካለቀ ንግግሩም አለቀ። የሚሰሙት ዳኞች በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ለቀናቸው 3 ኦቦል የሚከፈላቸው ተራ ዜጎች ናቸው። ጓዳ ገብተው አይመካከሩም፤ ሰምተው እዚያው ድምፅ ይሰጣሉ። ርስቱ ወይም ራሱ በዚያ ውሃ ልክ የሚመዘን ሰው፣ መናገር ለሚያስተምረው 5 ምናን ቢከፍል አይፈረድበትም። ሶፊስት የሚለው ስም ዛሬ ስድብ ሆኖ የቀረው በአብዛኛው የፕላቶን መጽሐፍ ስለምናነብ ነው፤ ፕላቶ ደግሞ ከጥንታዊ የአቴና ባላባት ቤት የተወለደ፣ ለእንጀራው ብሎ ማስተማር ያላስፈለገው ሰው ነበር። ይህን ሳያስቡ ሶፊስቶችን መኮነን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ሶቅራጥስ ሌላ ነው። እሱ ሀብታም ሳይሆን ነው ክፍያ እምቢ ያለው። አባቱ ሶፍሮኒስቆስ ድንጋይ ጠራቢ፣ እናቱ ፋይናሬቴ አዋላጅ ነበረች። ተማሪው ክሴኖፎን ሲያስቆጥረው ቤቱን ጨምሮ ያለው ንብረት ሁሉ 5 ምናን ያወጣል፤ ኤቬኖስ ለአንድ ተማሪ የሚጠይቀውን ያህል መሆኑ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። በፖቲዴያ፣ በዴሊዮን፣ በአምፊፖሊስ ጋሻና ጦር ይዞ ከከባድ እግረኛው ጋር ዘምቷል፤ ያን ትጥቅ ደግሞ ዘማቹ ራሱ ነው የሚያሟላው። ምናልባት የነበረችው ጥሪት በረጅሙ ጦርነት አልቃ ይሆናል፣ ምናልባትም አደባባይ ሲውል ሙያው ተረስቶ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ በጋና ክረምት አንድ ልብስ ለብሶ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ምክንያቱን ክሴኖፎን አስቀምጦልናል፤ እንዲህ ነው፦ የተቀበለ ሰው ከከፈለው ጋር ሁሉ የመነጋገር ግዴታ አለበት፤ ያልተቀበለ ከፈለገው ጋር ይነጋገራል። ክፍያ ተቀባዮቹን ራሳቸውን የሸጡ ባሪያዎች ይላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ፍልስፍናውና ኪሱ የሚገናኙት። የሶቅራጥስ ዘዴ መጠየቅ ነው፤ ጄኔራሉን ጀግንነት ምንድን ነው፣ ካህኑን ቅድስና ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን እየተከተለ አላውቅም እስኪል ማድረስ። ይህ አገልግሎት ገዢ የለውም። ማንም ሰው በጓደኞቹ ፊት አለማወቁ እንዲገለጥለት 5 ምናን አይከፍልም። ሶቅራጥስ ቢያስከፍል ኖሮ ጥያቄው ራሱ ይለወጥ ነበር፤ ደንበኛው ደስ ብሎት መውጣት አለበትና።

ከክ.ል.በ. በ399 ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣቱን ራሱ እንዲጠቁም ዕድል ተሰጠው። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ከሳሽ አንድ ቅጣት ያቀርባል፣ ተከሳሽ ሌላ ያቀርባል፣ ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ፤ መሐል ላይ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ምርጫ የለም። ብልህ ተከሳሽ ስለዚህ ዳኞቹ ሊቀበሉት የሚችሉትን፣ ለምሳሌ ስደትን፣ ያቀርባል። ሶቅራጥስ መጀመሪያ የሚገባኝ በከተማው ማዕድ በነጻ መመገብ ነው አለ። ቀጥሎ መክፈል የምችለው 1 ምናን ነው አለ፤ ከንብረቱ አንድ አምስተኛ ነውና ሐሰት አይደለም። በመጨረሻ ፕላቶ፣ ክሪቶን፣ ክሪቶቡሎስና አፖሎዶሮስ ዋስ ሆነውለት ወደ 30 ምናን አሳደገው። 3,000 ድሪም፤ የግንበኛ ከስምንት ዓመት በላይ ደመወዝ። ገንዘቡ ትንሽ አልነበረም፤ ብዙዎች ፍርዱን ሲተርኩ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ከነጻ ማዕድ ጥያቄ ኋላ መጣና ዳኞቹ እንደ ንቀት ሰሙት። ሞትን መረጡ።

መርዙም ዋጋ ነበረው። ከክ.ል.በ. በ318 በዚያችው ከተማ ሞት የተፈረደበት አዛውንቱ ጄኔራል ፎኪዮን፣ በወጣትነቱ የፕላቶ ተማሪ የነበረ፣ አብረውት የተፈረደባቸው ቀድመው ጠጥተው መርዙ አለቀ። ገዳዩ ተጨማሪ ለመውቀጥ 12 ድሪም ካልተከፈለኝ አለ። ፎኪዮን ወዳጁን ጠርቶ፣ በአቴና መሞት እንኳ በነጻ ካልሆነ ክፈልለት አለው፤ ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርኮስ ነው የሚተርከው። 12 ድሪምን እንያዛት፣ ትመለሳለች።

ፕላቶ ከመምህሩ አንድ ነገር ወረሰ፤ ክፍያ አልተቀበለም። ከእሱ በኋላ ትምህርት ቤቱን፣ አካዳሚውን፣ የመራው የእህቱ ልጅ ስፔውሲፖስ ተማሪዎችን ማስከፈል ሲጀምር፣ አጎትህ በነጻ ነበር የሚያስተምረው ተብሎ በደብዳቤ ተወቅሷል። ፕላቶ ይህን የቻለው መሬት ስለነበረው ነው። ኑዛዜው ተጠብቆልናል፤ ከዲዮጌኔስ ወሬዎች ይልቅ በእነዚህ የኑዛዜ ሰነዶች ላይ እምነቴን እጥላለሁ፣ ደረቅና የተዘረዘሩ ናቸውና። በሁለት ቀበሌዎች፣ በኢፊስቲያዳይና በኤይሬሲዳይ፣ ርስት አለው። 3 ምናን ብር፣ 165 ድሪም የሚመዝን የብር ዕቃ፣ 45 ድሪም የሚመዝን ጽዋ፣ ሁለቱ አንድ ላይ 4 ድሪም ከ3 ኦቦል የሚመዝኑ የወርቅ ቀለበትና ጉትቻ። አርጤምስ የምትባለውን ባሪያ ነጻ ያወጣል፣ አራት አገልጋዮችን ያወርሳል። ድንጋይ ጠራቢው ኤውክሌይዴስ 3 ምናን አለበት፤ ፕላቶ ግን የማንም ዕዳ የለበትም። የከተማ ጠባቂዎች ወርቅና ብር በእጃቸው አይንኩ፣ ከወርቅ በተሠራ ጽዋም አይጠጡ ብሎ የጻፈው ሰው ጉትቻውን በኦቦል መዝኖ ይናዘዛል። ይህን እንደ ግብዝነት አላየውም። ሕጉን የጻፈው ለሚገዙ ሰዎች ነው፣ እሱ ደግሞ በአቴና ገዢ አልነበረም። የአካዳሚው የአትክልት ቦታ ግን በስሙ አልተጠቀሰም፤ ትምህርት ቤቱ በምን ሕጋዊ መልክ እንደተላለፈ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

መሬት የሚለው ቃል ቀላል አይምሰለን። በአቴና መሬትና ቤት መግዛት የሚችል ዜጋ ብቻ ነው፤ መጤው ነዋሪ በልዩ ውሳኔ ካልተፈቀደለት ተከራይ ሆኖ ይሞታል፤ በየዓመቱም የመጤ ግብር ይከፍላል። የወንድ ግብር 12 ድሪም ነው። ከስፔውሲፖስ ቀጥሎ አካዳሚውን ለ25 ዓመት የመራው ክሴኖክራቴስ ዘኬልቄዶን ነበር፤ መጤ። ግብሩን መክፈል አቅቶት አቴናውያን ለባርነት ሊሸጡት ሲሉ አንድ ወዳጅ እንዳዳነው ይነገራል፤ አንዱ ምንጭ ያዳነው ዲሜጥሮስ ዘፋሌሮን ነው ይላል፣ ሌላው ሊኩርጎስ። ይኼው ሰው እስክንድር ብዙ መክሊት ቢልክለት 3,000 ድሪም ብቻ አስቀርቶ የቀረውን መለሰ፤ ንጉሡ የሚያበላው ሰው ይበዛል ብሎ። የሶቅራጥስ መቀጫ ልክ። ቁጥሩን ሆን ብሎ መርጦት ይሆን? የአካዳሚ ሰው ያን ቁጥር አይረሳም ብዬ ማመን እወዳለሁ፣ ማስረጃ ግን የለኝም።

አርስቶትልም መጤ ነበር፣ የስታጊራ ሰው። ስለዚህ ከክ.ል.በ. በ335 ማስተማር ሲጀምር በራሱ ቦታ ሳይሆን ማንም በሚገባበት በሊቄዮን የስፖርት ሜዳ ነው። በመከለያው ጥላ እየተራመዱ መማር የመጣው ከዚሁ ነው፤ ከጊዜ በኋላ የተማሪዎቹ መጠሪያ ሆነ። ድህነት የፈላስፋ ዕጣ ነው ለሚሉ መልስ የሚሆን ታሪክም እሱ ጽፎልናል። ታሌስ ዘሚሊጢን በድህነቱ ሲሰድቡት፣ ከዋክብትን አይቶ የወይራ ምርት እንደሚበዛ ገመተ፤ ገና በክረምት፣ ማንም ሳይሻማው፣ በሚሊጢንና በኪዮስ ያሉትን የዘይት መጭመቂያዎች ሁሉ በትንሽ ቀብድ ያዛቸው። ምርቱ ደርሶ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጭመቂያ ሲፈልግ በፈለገው ዋጋ አከራየ። ምርቱ ቢከሽፍ ኖሮ የሚያጣው ቀብዱን ብቻ ነበር፤ የስልቱ ብልሃት እዚያ ላይ ነው። አርስቶትል ራሱ ታሪኩ በታሌስ የተለጠፈው በጥበቡ ዝና መሆኑን፣ ብልሃቱ ግን ገበያን ለብቻ የመያዝ የታወቀ ዘዴ መሆኑን ጨምሮ ይነግረናል።

የአርስቶትል ኑዛዜ ከፕላቶ ይልቅ ልብ ይነካል። አብራው ለኖረችው ለሄርፒሊስ 1 መክሊት ብር እንዲጨመርላት፣ በካልቂስ ካለው ቤት ወይም በስታጊራ ካለው የአባቱ ቤት የመረጠችው እንዲሰጣት ያዝዛል። ያገለገሉት ልጆች ማንኛቸውም እንዳይሸጡ፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ እንደ ሥራቸው ነጻ እንዲወጡም ያዝዛል። በመጽሐፉ ላይ በተፈጥሮው ባሪያ የሆነ ሰው አለ ብሎ የተከራከረው ያው ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አንዱን በሌላው ለማጥፋት አይቸኩል፤ ክርክሩ በእርግጥ የእሱ ነው፣ ብዙ ጉዳትም አድርሷል፤ ኑዛዜውም የእሱ ነው።

ተተኪው ቴዎፍራስቶስም መጤ ነበር፤ በከተማው ገዢ በዲሜጥሮስ ዘፋሌሮን አጋዥነት ግን የአትክልት ቦታ በስሙ አገኘ። የኃያል ሰው ውለታ ዋጋ እንዳለው ብዙም ሳይቆይ ታየ። ከክ.ል.በ. በ307 ዲሜጥሮስ ከሥልጣን ሲወርድ፣ ሶፎክሌስ የሚባል ሰው (ባለ ቅኔው አይደለም) ያለ ምክር ቤቱና ያለ ሕዝቡ ፈቃድ የፍልስፍና ትምህርት ቤት የሚመራ በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ አስወጣ። ፈላስፎቹ ከተማውን ለቀው ወጡ። በማግስቱ ዓመት ሕጉ ሕገ ወጥ ተባለ፣ ሶፎክሌስም 5 መክሊት ተቀጣ፣ እነሱም ተመለሱ።

በዚያው ሰሞን ነው ኤፊቆሮስ አቴና የገባው፤ የሐዋርያት ሥራ የሚጠራው ስሙ ይኼ ነው። የተወለደው በሳሞስ ቢሆንም አባቱ አቴናዊ ስለነበር ዜጋ ነው። የአትክልት ቦታውን በ80 ምናን ገዛ። ኤፊቆሮሳዊ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው ሆዳምን ያስባል፤ በዚያ ግቢ ይበላ የነበረው ግን ዳቦና ውሃ ነው። ለወዳጁ ሲጽፍ ትንሽ ማሰሮ አይብ ላክልኝ፣ ሲያሰኘኝ ልደግስበት ይላል። ትምህርቱ ምኞትን በሦስት ይከፍላል፦ ተፈጥሯዊና አስፈላጊ፣ ተፈጥሯዊ ግን የማያስፈልግ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ባዶ ምኞት። አስፈላጊው በቀላሉ ይገኛል፣ ባዶው ግን ዳርቻ የለውም።

ይህ ትምህርት ከክ.ል.በ. በ295 እና በ294 ተፈተነ። ዲሜጥሮስ ፖሊዮርኬቴስ (ያኛው ዲሜጥሮስ አይደለም) አቴናን ከብቦ በረሃብ ሲያስጨንቃት፣ 8 ሊትር ተኩል ገደማ የሚሆን ስንዴ 300 ድሪም ደረሰ። ፕሉታርኮስ ከጣሪያ በወደቀች የሞተች አይጥ አባትና ልጅ እንደተደባደቡ ይተርካል። ኤፊቆሮስ በዚያ ወራት ጓደኞቹን ያቆየው ባቄላ እየቆጠረ እኩል በማካፈል ነው። በቁጥር፣ ፍሬ በፍሬ። ለእኔ ስለ ደስታ ከጻፈው ሁሉ ይልቅ ትምህርቱን የሚያስረዳኝ ይህ ነው።

ኑዛዜው ደግሞ የሕግ አዋቂ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚረከበው ሄርማርኮስ የሚቲሊኒ ሰው፣ መጤ ነው፤ ቢያወርሰው ውርሱ አይጸናም። ስለዚህ ቦታውን ለሁለት አቴናውያን፣ ለአሚኖማኮስና ለቲሞክራቴስ፣ አወረሰ፤ ሄርማርኮስና አብረውት የሚፈላሰፉት እንዲኖሩበት ማድረግን ግዴታ አድርጎ። ከገቢው በየወሩ በ20ኛው ቀን መታሰቢያ እንዲደረግ፣ የሟች ወዳጁ የሜትሮዶሮስ ልጆች እንዲያድጉበት፣ የሜትሮዶሮስ ሴት ልጅም ስትደርስ ጥሎሽ እንዲወጣላት አዘዘ። አራት ባሪያዎችን፣ ከእነሱ አንዷን ሴት፣ ነጻ አወጣ።

ዜጋ ያልሆነ፣ ወዳጅ ባለሥልጣንም የማይፈልግ ሰው ምን ያድርግ? ዜኖን ዘኪቲዮን መልሱን አገኘ። ሐምራዊ ማቅለሚያ ጭኖ ከፊንቄ ሲመጣ ጲሬዎስ አቅራቢያ መርከቡ ተሰበረ፤ አቴና ወጥቶ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተቀምጦ ክሴኖፎን ስለ ሶቅራጥስ የጻፈው ሲነበብ ሰማ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ቢል፣ ሻጩ በዚያ የሚያልፈውን ፈላስፋውን ክራቴስን አሳየውና ተከተለው አለው። ክራቴስ 200 መክሊት ገደማ ሀብቱን የበተነ ሰው ነበር። ዜኖን ሲያስተምር ቦታ አልገዛም፤ በገበያው ዳር በነበረው ባለ ሥዕል በረንዳ ቆመ። በረንዳ በግሪክኛ ስቶአ ነው፤ ኢስጦኢኮች የተባሉት ከዚያ ነው።

በረንዳው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ክሌያንቴስ ነበር፣ ከአሶስ የመጣ ቡጢኛ፤ አቴና ሲገባ በእጁ 4 ድሪም ብቻ ነበረው። ቀን ይማራል፣ ሌሊት በየአትክልቱ ውሃ ይቀዳል። ፓፒረስ መግዣ ስለሌለው የዜኖንን ትምህርት በሸክላ ስባሪና በበሬ ትከሻ አጥንት ላይ ይጽፍ ነበር። ቀን ሲሠራ የማይታይ ሰው ሰውነቱ እንዲህ የጠነከረው በምን በልቶ ነው ተብሎ ዳኞች ፊት ቀረበ። አትክልተኛውን ምስክር አመጣ፣ ዱቄት የሚፈጭላትንም ሴት ምስክር አመጣ። ዳኞቹ ተደንቀው 10 ምናን ይሰጠው አሉ፤ ዜኖን እንዳይቀበል ከለከለው። ኋላ ንጉሥ አንቲጎኖስ 3,000 ድሪም ሰጠው ይባላል።

ዜኖን ሲሞት በረንዳውን የተረከበውና ለ30 ዓመት ገደማ የመራው ይህ ውሃ ቀጂ ነው። ከጻፈው ሁሉ ርዝመት ኖሮት የቀረልን ለዜውስ የደረሰው መዝሙር ነው። ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ለአቴናውያን ሲናገር ከባለ ቅኔዎቻችሁ ብሎ የጠቀሰው «ዘመዶቹ ነንና» የሚለው ቃል የአራቶስ ስንኝ ነው፤ ከእሱ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ስንኝ ግን በክሌያንቴስም መዝሙር መግቢያ ላይ ይገኛል።